በመዋቢያ ውስጥ ያሉ ማዕድናት፦ ለቆዳ፣ ለሳንባ እና ለሚቆፍረው ሰው

ጥያቄ፦ ቀለም ወዳድ

ውድ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬን አስቀድሜ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። ሥራዬ ሰውን ማስዋብ ነው። ከምጠቀምባቸው መዋቢያዎች ብዙዎቹ «ሚነራል» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ዱቄቶች ናቸው፤ የመረጥኳቸውም ሽቶና የኬሚካል ማቆያ ስለማይበዛባቸው፣ ቆዳቸው ቶሎ ለሚቆጣ ደንበኞችም ስለሚስማሙ ነው። በቅርቡ አስም ያለባት አንዲት ደንበኛዬ «ይህ ዱቄት ተፈጭቶ የመጣ ድንጋይ ከሆነ ወደ ሳንባዬ ሲገባ ምን ያደርገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ያለፈ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ጀምሬ ሁለት ነገሮች አስጨንቀውኛል። አንደኛው ስለ ታልክና ቃጫው ሲተነፈስ ሳንባን ስለሚጎዳው ማዕድን ስለ አስቤስቶስ የሚነገረው ነው፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ታልክ ያለበትን ዕቃ ሁሉ ጣሉ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ምንም አይነካችሁም ይላል። ሁለተኛው ለዓይን ቀለምና ለጉንጭ ቀለም ብርሃን የሚሰጠው ማይካ በልጆች እጅ የሚለቀም መሆኑን መስማቴ ነው። የሌላ ሰውን ፊት አሳምሬ ስከፈል፣ ያንን ውበት ያወጣው ማዕድን ከማን ጉድጓድ እንደመጣ አለማወቄ ሰላም ነሥቶኛል። ማይካ ያለበትን ዕቃ መግዛት ባቆም ለእነዚያ ልጆች የሚጠቅም ይሁን የሚጎዳ መለየት አልቻልኩም።

ስለ ሁለቱም ጉዳይ ከሙያው ውስጥ ያላችሁ ብታብራሩልኝ፣ የማሸጊያ ጽሑፍ ሳነብም በምን ላይ ማተኮር እንዳለብኝ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የላብራቶሪ ሰው

እህቴ፣ ጥያቄዎ ሁለት ቢመስልም አንድ የሚያገናኘው ነገር አለ፤ እርሱም ብናኝ ነው። እኔ የምሠራው በአንድ የመዋቢያ ፋብሪካ የጥራት መቆጣጠሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ የምመልሰው የደህንነቱን ክፍል ነው፤ ስለ ማይካ አመጣጥ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ እንደሚጽፉ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማዕድን ከተፈጥሮ ስለመጣ ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ሜርኩሪና አስቤስቶስም የሚገኙት ከምድር ውስጥ ነው። አንድ ማዕድን ይጎዳ ወይም አይጎዳ እንደሆነ የሚወስነው ምን ዓይነት ማዕድን እንደሆነ፣ ከምን ጋር ተቀላቅሎ እንደመጣ እና በየት በኩል ወደ ሰውነት እንደሚገባ ነው። ባልቆሰለ ቆዳ ላይ የተቀባ፣ ከከንፈር ላይ ተልሶ የተዋጠ እና በአፍንጫ የተሳበ ያው አንድ ዱቄት ለሰውነት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው። ስለዚህ ስለ ነጩ የማዕድን ቀለም «ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብልኝ መልሴ ሁልጊዜ «በየት በኩል ገብቶ?» የሚል ነው።

ከቀለሞቹ ልጀምር። ለፋውንዴሽን ቡናማ፣ ቢጫና ቀይ መልክ የሚሰጡት የብረት ኦክሳይዶች ሲሆኑ በማሸጊያ ላይ በቀለም መለያ ቁጥራቸው ሲ አይ 77491፣ 77492 እና 77499 ተብለው ይጻፋሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ዛሬ በፊት ላይ የሚቀባው የብረት ኦክሳይድ በአብዛኛው ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ሳይሆን በፋብሪካ የተሠራ መሆኑን ነው። ከመሬት የሚወጣው ቀይና ቢጫ አፈር አርሴኒክና እርሳስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመዋቢያ ውስጥ የሚፈቅደው በፋብሪካ የተዘጋጀውን ብቻ ነው፤ ለእርሱም ቢሆን በአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ አርሴኒክ ከ3፣ እርሳስ ከ10፣ ሜርኩሪ ከ3 ክፍል እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ «ንጹሕ የተፈጥሮ ማዕድን» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ንጹሕ የሆነው ብዙውን ጊዜ ከተፈጥሮ በቀጥታ ስላልተወሰደ ነው ማለት ነው፤ ይህን ለደንበኛ በግልጽ መናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የሊፕስቲክን ነገር ለይቼ የማነሣው ስለሚዋጥ ነው። ይኸው የአሜሪካ ተቋም ገበያ ላይ የነበሩ 400 ሊፕስቲኮችን አስመርምሮ በአማካይ በሚሊዮን 1.11 ክፍል፣ ከፍተኛው ደግሞ 7.19 ክፍል እርሳስ አግኝቷል። እርሳሱን ሆን ብሎ የጨመረው የለም፤ ከቀለሙና ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ የገባ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የመመሪያ ረቂቅ ከ10 ክፍል እንዳይበልጥ መክሯል። በጥንቃቄ የሚሠራ ፋብሪካ ከዚህ እጅግ ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ የሚጠይቀው የቀለሙን እያንዳንዱን ዙር መመርመርና ያላለፈውን መመለስ ነው፣ ይህም ገንዘብ ያስወጣል።

ወደ ታልክ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ታልክ የማግኒዥየም ሲሊኬት ነው፤ በራሱ በጣም ለስላሳ ከሆኑት ማዕድናት አንዱ ነው። ችግሩ ትሬሞላይትና አንቶፊላይትን የመሳሰሉ የአስቤስቶስ ዓይነቶች ከታልክ ጋር በአንድ አለት ውስጥ አብረው ሊፈጠሩ መቻላቸው ነው። በአንድ የማውጫ ቦታ ንጹሕ ታልክ ተገኝቶ ጥቂት እልፍ ብሎ ቃጫ ያለበት ሊወጣ ይችላል። ሲፈጭ ሁለቱም ነጭ ዱቄት ስለሆኑ በዓይን የሚለያቸው የለም። ለረጅም ጊዜ ኢንዱስትሪው የተጠቀመበት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቀመጠው የምርመራ ዘዴ በኤክስሬይ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ትንሽ መጠን ያለውን አስቤስቶስ አያይም፤ እርሱን የሚያየው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። የአሜሪካው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ መንገድ ካስመረመራቸው 52 መዋቢያዎች በ9ኙ ላይ አስቤስቶስ ተገኝቷል። «አስቤስቶስ አልተገኘበትም» የሚል የምስክር ወረቀት በምን መሣሪያ እንደተመረመረ ካልገለጸ እኔ ግማሽ ወረቀት ነው የምለው።

ታልኩ ራሱስ? ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ታልክን «በሰው ላይ ካንሰር የማስከተል ዕድል ያለው» ከሚባለው፣ 2ኤ ተብሎ ከሚጠራው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ምድብ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አለመሆኑን አደራ ልብ ይበሉ፤ በጋዜጣ ላይ ሁለቱ ዘወትር ይደባለቃሉ። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ምርቱ ጉዳት የለውም የሚለውን አቋሙን ሳይለውጥ፣ በታልክ የተሠራውን የሕፃናት ፓውደሩን በአሜሪካና በካናዳ ከ2020 ጀምሮ፣ በመላው ዓለም ደግሞ በ2023 መሸጥ አቁሞ ወደ በቆሎ ስታርች ዞሯል። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ ለፊት ብናኝ ታልክን የሚተኩ ብዙ ነገሮች ስላሉ በላላ ዱቄት መልክ መጠቀሙ ምክንያት ያለው አይመስለኝም። በክሬም ውስጥ የታሰረ ታልክ ግን ምርመራው በተገቢው መሣሪያ ከተደረገ አያስጨንቀኝም።

ታይታኒየም ዳይኦክሳይድም ተመሳሳይ ነው። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2006 ካንሰር የማስከተል ዕድሉ ሊኖር ይችላል ባለው 2ቢ ምድብ ውስጥ ያስገባው ብዙ ብናኝ እንዲተነፍሱ በተደረጉ አይጦች ላይ የታየውን መሠረት አድርጎ ነው። ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ሲቀባ ወደ ውስጥ ዘልቆ እንደማይገባ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከፀሐይ መከላከያዎችም እጅግ የታመነው እርሱና ዚንክ ኦክሳይድ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በምግብ ውስጥ በ2022 ሲከለክለው በቆዳ ላይ መፍቀዱን የቀጠለው፣ በስፕሬይ መልክ ወደ ሳንባ እንዳይገባም ገደብ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአስም ታማሚዋ ደንበኛዎ የምሰጠው መልስ እንግዲህ አጭር ነው፦ ላላ ዱቄት አይጠቀሙላት፤ በተጨመቀ ወይም በክሬም መልክ ያለውን ይምረጡ። ሌላም ልጨምር፤ ቢስመዝ ኦክሲክሎራይድ፣ ማለትም ሲ አይ 77163፣ በብዙ ሚነራል ዱቄቶች ውስጥ አለ፤ አንዳንድ ሰዎችን በተለይ ሲያልባቸው ያሳክካቸዋል። «ሚነራል አይስማማኝም» የሚሉ ደንበኞች ካሉዎት አስቀድመው ይህንን ይጠርጥሩ።

መልስ፦ ምንጩን ጠያቂ

ቀለም ወዳድ፣ ከማን ጉድጓድ እንደመጣ አለማወቅዎ ሰላም የነሣዎት መሆኑ ትክክል ነው፤ እኔም ለዓመታት የአቅርቦት ሰንሰለት ሰነዶችን የመመርመር ሥራ ውስጥ ያቆየኝ ይኸው ጭንቀት ነው።

ማይካ በማሸጊያ ላይ ሲ አይ 77019 ተብሎ የሚጻፈው፣ በስስ ንጣፍ በንጣፍ የሚገነጠል ማዕድን ነው። ለመዋቢያ ከሚውለው የተፈጥሮ ማይካ ብዙው የሚመጣው ከምሥራቅ ሕንድ፣ ከጃርካንድና ከቢሃር ግዛቶች ነው። በእነዚህ ቦታዎች ቀድሞ በፈቃድ የሚሠሩ ብዙ ማውጫዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 የደን ጥበቃ ሕግ ከወጣ በኋላና የማይካ ፍላጎት በቀነሰባቸው ዓመታት አብዛኞቹ ተዘጉ። ማዕድኑ ግን በመሬት ውስጥ ቀረ፤ ድህነቱም በላዩ ላይ ቀረ። ፍላጎቱ ሲመለስ ቤተሰቦች የተተዉትን ጉድጓዶችና የቀድሞ ማውጫዎችን ውዳቂ ክምር በእጅና በትናንሽ መሣሪያ መፈልፈል ቀጠሉ። ሥራው በሕግ ፊት ስለሌለ ጣሪያውን በምሰሶ የሚደግፍ መሐንዲስ የለም፤ የሥራ ሰዓት የለም፤ ልጅ ነው አዋቂ ነው ብሎ የሚመዘግብም የለም።

ለሕፃናት መብት የሚሠራው ቴር ደ ዞም ኔዘርላንድስና ሶሞ የተባለው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት በእነዚህ አካባቢዎች እስከ 22,000 የሚደርሱ ልጆች በማይካ ሥራ ላይ መሠማራታቸውን ገምተዋል። በዚያው ዓመት የቶምሰን ሮይተርስ ፋውንዴሽን ጋዜጠኞች በ2 ወራት ውስጥ ብቻ 7 ልጆች በጉድጓዶቹ መሞታቸውን፣ ሞታቸውም ተሸሽጎ መቅረቱን አጋልጠዋል። ቤተሰብ ለምን ዝም ይላል ቢባል፣ የሥራው ቦታ ሕገ ወጥ ስለሆነ ሞቱን የሚናገር ሰው ብቸኛ መተዳደሪያውን ያጣል። ጉዳዩ በሕንድ ብቻ አይወሰንም፤ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት በማዳጋስካር ከ10,000 በላይ ልጆች በዚሁ ሥራ ላይ እንዳሉ አሳይቷል። የማዳጋስካሩ ማይካ ግን በብዛት የሚሄደው ወደ ኤሌክትሮኒክስና ወደ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ማገጃ ዕቃዎች ነው። ይህን የምጠቅሰው የመዋቢያውን ዘርፍ ከተጠያቂነት ለማውጣት ሳይሆን ሸክሙን ብቻውን እንደማይሸከም ለማሳየት ነው።

የላብራቶሪው ሰው ብናኝ ያሉትን እዚህ ላይ አስቡት። እርስዎ ፊት ላይ ብሩሽ ሲያሳርፉ የሚነሣው ብናኝ ጥቂት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው ከማይካው ጋር የሚወጣውን የኳርትዝ አቧራ ጭምር ነው፤ ይህ አቧራ ሲሊኮሲስ የሚባለውን፣ ሳንባን በጠባሳ የሚያደነድንና መዳኛ የሌለውን በሽታ ያመጣል፤ በሥራ ላይ የሚተነፈስ የኳርትዝ አቧራም ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠላቸው ነገሮች መካከል ነው። ማዕድኑን የሚፈጩ ሠራተኞችም ከዚህ አያመልጡም። ስለዚህ አንድ ድርጅት «ምርታችን በተጠቃሚ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ ተረጋግጧል» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ተጠቃሚ ከሚለው ቃል ውጭ የቀሩትን ሰዎች ግን ማንም አልመረመረላቸውም።

ሕጉ ይጠብቃቸዋል እንዳይባል ክፍተቱ ሰፊ ነው። አስከፊ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን የሚከለክለውን ቁጥር 182 የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 የድርጅቱ አባል አገሮች በሙሉ አጽድቀውታል፤ ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2017 አጽድቃዋለች። ነገር ግን አስመጪ ድርጅቶችን ምንጫችሁን አሳውቁ ብለው የሚያስገድዱት በግጭት አካባቢ ስለሚወጡ ማዕድናት የወጡት የአሜሪካና የአውሮፓ ሕጎች የሚመለከቱት ቆርቆሮን፣ ታንታለምን፣ ተንግስተንንና ወርቅን ብቻ ነው። ማይካ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ታልክም የለም፤ ይህ የሚገርመው ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በአፍጋኒስታን ከሚወጣው ታልክ የታጠቁ ቡድኖች ገንዘብ እንደሚያገኙና ታልኩም በፓኪስታን በኩል ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ገበያ እንደሚደርስ ካሳየ በኋላም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄዎ። መግዛት ማቆም ለልጆቹ ይጠቅማል? እኔ ብቻውን አይጠቅምም ከሚሉት ወገን ነኝ። ልጁ ጉድጓድ የገባው የወላጆቹ ድካም የሚያወጣው ዋጋ ቤተሰቡን ስለማያበላ ነው፤ ገዢው ሲጠፋ ያ ዋጋ ይበልጥ ይወርዳል፣ ልጁም ከጉድጓድ ወጥቶ የሚገባበት ትምህርት ቤት በራሱ አይበቅልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተቋቋመው፣ የመዋቢያ፣ የቀለምና የሌሎች ዘርፎች ድርጅቶች በአባልነት ያሉበት «ሪስፖንሲብል ማይካ ኢኒሼቲቭ» የመረጠው መንገድ በቦታው ቆይቶ ማውጫዎችን በሥርዓት ማስያዝ፣ መንደሮቹን መደገፍና ምንጩን መከታተል ነው። በ5 ዓመት ውስጥ የሕንዱን ሰንሰለት ከሕፃናት ጉልበት ለማጽዳት አልሞ ነበር፤ ጊዜው ካለፈ በኋላም ሥራው እንደቀጠለ ነው። ዘገየ ብዬ እወቅሰዋለሁ፤ ሆኖም ጥሎ ከመሄድ የተሻለ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ነጭ ደመና

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በመጨረሻው አንቀጽ ግን አልስማማም። እኔ በአነስተኛ ደረጃ የዓይን ቀለም አዘጋጃለሁ። ከአቅራቢ የሚመጣልኝ ወረቀት የተፈጨበትን ፋብሪካ እንጂ የተለቀመበትን መንደር አይናገርም፤ ደላሎች ከፈቃድ ካለው ማውጫና ከተተወ ጉድጓድ የመጣውን በአንድ ላይ ስለሚቀላቅሉት ፋብሪካው ራሱ አያውቀውም። ማረጋገጥ የማልችለውን ነገር በሥራዬ ውስጥ ማስገባት አልፈልግም። ስለዚህ በማሸጊያ ላይ «ሲንቴቲክ ፍሎርፍሎጎፓይት» ተብሎ ወደሚጻፈው፣ በፋብሪካ ወደሚሠራው ማይካ ዞሬአለሁ። የሚሠራው የማግኒዥየም፣ የአሉሚኒየም፣ የሲሊከን፣ የፖታሲየምና የፍሎሪን ውሕዶችን በከፍተኛ ሙቀት አቅልጦ ቀስ ብሎ በማቀዝቀዝ ነው፤ ከመሬት የሚወጣው የሚይዛቸው ከባድ ብረቶች እምብዛም የሉበትም፣ ብርሃኑም የጠራ ነው። ለሽን (Lush) የመሰለ ትልቅ የመዋቢያ ድርጅትም የተፈጥሮውን ትቶ ወደዚህ ዞሯል። ድሆችን የመርዳት ግዴታችንን አልክድም፤ ነገር ግን እርዳታው ልጅ የለቀመውን ዕቃ በመግዛት መልክ መሆን አለበት ብዬ አላምንም።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር፦ ማይካን ሸሽታችሁ ወደ ፕላስቲክ ብልጭልጭ አትሂዱ። የአውሮፓ ኅብረት በጥቅምት 2023 ላላውን የፕላስቲክ ብልጭልጭ መሸጥ የከለከለው በውሃና በአፈር ውስጥ ሳይበሰብስ ስለሚከማች ነው። ሲንቴቲክ ማይካ በስሙ ቢመስልም ፕላስቲክ አይደለም።

መልስ፦ ቀለም ወዳድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የላብራቶሪውን ሰው ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ደንበኞቼ አንዳንዴ የራሳቸውን ኩል ይዘው ይመጣሉ፤ ከድንጋይ የተፈጨ፣ ስም የሌለው፣ ከሰው የተሰጣቸው ነው። «የጥንት ስለሆነ ከኬሚካል ይሻላል» ይሉኛል፤ ልቀባላቸው ወይስ ልከልክል? ሁለተኛው ስለ ራሴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዱቄት በሚነሣበት ክፍል የምውል ስለሆነ ከደንበኞቼ ይልቅ የምተነፍሰው እኔ ነኝ። ምንጩን ጠያቂንም ደግሞ የነጭ ደመናን ሐሳብ እንዴት እንደሚያዩት ብሰማ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የላብራቶሪ ሰው

ስለ ኩሉ ያለ ማመንታት የምመልሰው ይከልክሉ ብዬ ነው። ከድንጋይ የሚፈጨው ኩል ብዙ ጊዜ ጋሌና የሚባለው ማዕድን፣ ማለትም የእርሳስ ሰልፋይድ ነው። ከተመረመሩ ናሙናዎች ውስጥ ከክብደታቸው ከግማሽ በላይ እርሳስ የሆኑ ተገኝተዋል። ቀደም ሲል ስለ ሊፕስቲክ ስጽፍ የተናገርኩት በሚሊዮን ውስጥ ስላለ ጥቂት ክፍል ነበር፤ ይህ ግን ፈጽሞ ሌላ መጠን ነው። የአሜሪካው ተቋም እንዲህ ያለውን ኩል በመዋቢያነት አይፈቅድም፤ የአውሮፓ ኅብረትም እርሳስንና ውሕዶቹን በመዋቢያ ውስጥ ከልክሏል። ከዓይን ላይ በእጅ ተጠርጎ ወደ አፍ ይገባል፤ በዕንባም ታጥቦ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። በሕፃናት ዓይን ላይ ሲቀባ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ እድገት ስለሚጎዳ የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን በደም ውስጥ የለም ይላል። ደንበኛዎ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ሕፃን የምታጠባ ከሆነች ይህን በግልጽ ይንገሯት፤ ለረጅም ጊዜ ስትጠቀምበት የኖረች ከሆነም በሐኪም ቤት የደም ምርመራ እንድታደርግ ይምከሯት። ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ይዘቱ የተጻፈበት ኩል ያንኑ መልክ ይሰጣታል።

ስለ ራስዎ መጠየቅዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ስለ ደንበኛ ቆዳ ሲጨነቁ የራሳቸውን ሳንባ ይረሳሉ። ብሩሹን ከዕቃው ጠርዝ ላይ ማራገፍ፣ ወይም ይባስ ብሎ በእስትንፋስ እፍ ማለት ይቅር፤ ይልቁንም ትንሽ ትንሽ አንሥተው በእርጥብ ስፖንጅ ተጭነው ያሳርፉት። መስኮት ይከፈት፤ ጠረጴዛው በደረቅ ጨርቅ ሳይሆን በእርጥብ ይወልወል። ዱቄትን ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲያዘዋውሩ ወይም የተሰበረ ዕቃ ሲፈጩ የብናኝ ማስክ ያድርጉ፤ ከቀኑ ሥራ ሁሉ ብዙ ብናኝ የሚነሣው በዚያች ጥቂት ደቂቃ ነው።

የማሸጊያውን ጽሑፍ በሚመለከት፣ በአውሮፓ በሚሸጡ ዕቃዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ከሆነ ከስሙ አጠገብ «ናኖ» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ በላላ ዱቄት ላይ ይህን ካዩ እኔ እተወዋለሁ፣ በክሬም ላይ ከሆነ ግን አልፈራውም። ለከንፈር የሚሆን ቀለም ሲመርጡ ደግሞ ሲ አይ 77007 የሚባለው ሰማያዊ አልትራማሪንና ሲ አይ 77288 የሚባለው አረንጓዴ የክሮሚየም ኦክሳይድ በአሜሪካ ደንብ ለከንፈር እንዳልተፈቀዱ ይወቁ፤ የዓይን ቀለምን ከንፈር ላይ የመቀባት ልማድ ያላቸው ባለሙያዎች ይህን ያስቡበት። ይዘቱ ጨርሶ ካልተጻፈበት ዕቃ ግን የሚነበብ ነገር ስለሌለ ከቦርሳዎ ያውጡት።

መልስ፦ ምንጩን ጠያቂ

ነጭ ደመና የጻፉትን አከብራለሁ፤ ደላሎች ይቀላቅሉታል ያሉትም የሚያሳዝን እውነት ነው። ማረጋገጥ ለማይችል አነስተኛ አምራች ሲንቴቲኩን መምረጥ ታማኝ ውሳኔ ነው ብዬ እቀበላለሁ። በአቋማችን የምንለያየው ለትላልቆቹ ሲሆን ነው። አንድ ድርጅት ለዓመታት ከእነዚያ መንደሮች በርካሽ ሲገዛ ኖሮ፣ ጋዜጠኛ ሲደርስበት ወደ ፋብሪካ ማይካ ተሻግሮ «ከሕፃናት ጉልበት ነጻ» ብሎ ማሸጊያው ላይ ቢጽፍ፣ እጁን ታጠበ እንጂ ዕዳውን አልከፈለም። ቢሻገር እንኳ ከመሻገሩ በፊት ለነበሩት ሰዎች የሚተወው ነገር መኖር አለበት። ሲንቴቲኩም ቢሆን ከከፍተኛ ሙቀት እቶን የሚወጣ ስለሆነ በምን ኃይል እንደሚሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚጠቀምባቸው ማዕድናትም ከአንድ ቦታ ይቆፈራሉ።

ቀለም ወዳድ፣ እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ ከአንድ ተራ ገዢ የበለጠ ድምፅ አለው፤ ብዙ ይገዛል፣ ለብዙ ሰውም ያስተዋውቃል። ስለዚህ ዕቃ ከመጣልዎ በፊት ለአምራቾቹ እንዲጽፉ እመክራለሁ። «ማይካችሁ ሥነ ምግባር የተጠበቀበት ነው?» ብለው ከጠየቁ «አዎ» የሚል መልስ ብቻ ያገኛሉ። ይልቁንም ማይካው ከየትኛው አገርና ግዛት እንደሚመጣ፣ ክትትላቸው ፈጪው ፋብሪካ ላይ ይቁም ወይስ ማውጫው ድረስ ይድረስ፣ የሚያጣራው የራሳቸው ሠራተኛ ይሁን ሌላ ገለልተኛ አካል፣ በመጨረሻው ፍተሻ ምን ችግር እንደተገኘ ይጠይቋቸው። ፍተሻው ምንም ችግር አላገኘም ከሚል ድርጅት ይልቅ ይህን ይህን አግኝተን ይህን አደረግን የሚለውን አምናለሁ፤ ጃርካንድ ውስጥ ፈልጎ ያላገኘ ሰው አልፈለገም ማለት ነው። ልጅ ሥራ ላይ ሲገኝ ምን እንደሚያደርጉም ይጠይቁ፤ «ውሉን ወዲያው እናቋርጣለን» የሚለው መልስ ጥሩ ቢመስልም፣ አቅራቢው በሚቀጥለው ጊዜ ልጁን እንዲደብቅ የሚያስተምር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ለቃሚው በኪሎ ምን ያህል እንደሚከፈለው ይጠይቁ። ብዙ ድርጅቶች ለሌሎቹ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ አላቸው፤ ለዚህኛው ግን እስካሁን በቁጥር የመለሱልኝ ጥቂቶች ናቸው።